የውዳሴ ሦስት ወር

ጥቅምት 22

እንደ ወትሮው ቀን። መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። የክትባቱን ፍሪጅ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ቅዝቃዜውን አልለቀቀም። ከጤና ጣቢያችን እስከ ቡሬ መንገዱ ዳር ሁሉ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ባጃጅ ውስጥ የነበርነው በሙሉ አስነጠሰን። እናቴ ከደምበጫ ደውላ መቼ ትመጫለሽ አለች። ቅዳሜ አልኳት... እንጃ ብቻ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥቅምት 25

ዛሬ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አደይ የምትባል እናት ልጇን ለሁለተኛው ክትባት ይዛ መጣች። አገሯ ከጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ናት። ልጅቱ ውዳሴ ትባላለች። ሰባ ቀኗ። ለመርፌ ጭኗን ስገልጥ ቆዳዋ ቢጫ። የዓይኗ ነጭ ቢጫ። የሽንት ጨርቋን ፈታሁት። ሰገራዋ ነጭ ነው፣ እንደ ኖራ።

መቼ እንደጀመራት ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝ። "ቆይቷል፣ ሲስተር" አለች።

ካርዱን ገለጥኩ። መስከረም 30፣ የመጀመሪያው ክትባት። "ሕፃኗ ደህና ናት" ይላል። ጽሕፈቱ የኔ። ፊርማው የኔ።

ያን ቀን ምን አልኳት? ትዝ አለኝ እኮ። ቢጫ ሆነችብኝ ብላኝ ነበር። ሰገራዋም ነጣ ብላኝ ነበር። ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ደርሷል። የጠዋት ፀሐይ አሙቂያት፣ ጡት አብዢላት፣ ይለቃታል አልኳት። ጨርቋን አልፈታሁም።

ለፍኖተ ሰላም ሪፈር ስጽፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።

ጥቅምት 26

አብሬያቸው ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ፈቃድ ሳልጠይቅ። ባሏ ምናለ አብሮን መጣ፤ ዝምተኛ ገበሬ ነው፣ ልጅቱን ከእናቷ ተቀብሎ ሲያቅፍ እጁ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናታል።

አልትራሳውንድ ያነሳት ሐኪም የሐሞት ከረጢቷ አይታይም አለ። ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚያወርደው ቱቦ ተዘግቷል ብሎ ጠርጥሯል። ሐሞቱ መውጫ ሲያጣ እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ ጉበቱን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ኮሌጅ ሳለሁ ግማሽ ገጽ ተምረነዋል። ፈተና ላይ አልመጣም።

መዳኛው ኦፕሬሽን ነው፣ አዲስ አበባ። ስድሳ ቀን ሳይሞላት ቢሆን ይመረጥ ነበር፣ አሁንም ግን ፈጥናችሁ ሂዱ አለ።

ስድሳ ቀን ሳይሞላት። መስከረም 30 አርባ አምስት ቀኗ ነበር።

ጥቅምት 27

ምናለ አይሆንም አለ። ልጄ ክርስትና ሳትነሳ ምላጭ አይነካትም አለ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ገና ስምንት ቀን ይቀራል። ለመንኩት። ተቆጣሁ። እንደገና ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ምን ልፈርድበት? ከኦፕሬሽኑ ባትመለስስ ብሎ እኮ ነው።

ግን ስምንት ቀን...

ጥቅምት 28

አገራቸው ሄድኩ፣ በእግሬ። ጫማዬ ረግረጉ ላይ ቀርቶ ተመልሼ አወጣሁት። የሚካኤል ደብር አገልጋይ ቄስ ገብረ ሕይወትን ቤታቸው አገኘኋቸው። ነገሩን ሁሉ... አይ፣ ሁሉንም አይደለም። የሕመሙን ነገር ነገርኳቸው። ምናለን አስጠሩት። ለታመመ ሕፃን ቀን አይቆጠርም፣ ቅዳሜ አምጧት አሉት። ምናለ መስቀላቸውን ተሳልሞ ቁጭ አለ።

የክርስትና እናት ማን ትሁን ተባለ። የምናለ እህት ግሽ ዓባይ ናት፤ እስከ ቅዳሜ አትደርስም። አደይ ከበሩ ሥር ሆና፣ "ሲስተር ይሁኑልኝ" አለች።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ? ምክንያቱን ቢጠይቁኝስ?

እሺ አልኩ።

ጥቅምት 30

ውዳሴ ክርስትና ተነሳች። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ። አደይ ሰማንያ ቀኗ ስላልሞላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆማ ጠበቀች። ልጅቱን የያዝኳት እኔ ነኝ። ቄሱ ሲጠይቁ ስለ እሷ ሆኜ ሰይጣንን ካድኩ።

ስለ ራሴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ኅዳር 1

ሄዱ። ከቡሬ መናኸሪያ አውቶብሱ ሲነሳ አደይ ልጅቱን በመስኮት ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። የዓይኗ ቢጫ ከሩቅ ይታየኛል... ወይስ ስለማውቀው ነው?

ኅዳር 5

ስልካቸው አይሠራም። አሥራ አራት ጊዜ ሞከርኩ።

ኅዳር 9

ዛሬ ኦፕሬሽን ሆነች። ሰማንያ አራት ቀኗ። አምስት ሰዓት ፈጀ። ምናለ ደውሎ፣ ሐኪሙ የሚለው አልገባኝም፣ እርስዎ ያነጋግሩልኝ ብሎ ስልኩን ሰጠው።

ዶክተር ገነነ ይባላል። ድምፁ የደከመ ነው፤ ቢሆንም አልቸኮለብኝም። የተበላሸውን ቱቦ አውጥተው አንጀቷን ከጉበቷ ጋር አገናኝተዋል፤ ሐሞቱ በዚያ ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል። ትድናለች ወይ አልኩት። አሁን አልመልስልሽም አለ። ሦስት ነገር እንድጠብቅ ነገረኝ። አንደኛ ሰገራዋ ቀለም ያውጣ። ሁለተኛ ትኩሳት ከያዛት ወዲያውኑ ሆስፒታል፤ ቱቦው አመረቀዘ ማለት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ በሦስተኛው ወር ደሟ ይመርመር። ቢሊሩቢን የሚሉት፣ ሰውን ቢጫ የሚያደርገው ነገር፣ ከሁለት በታች ከወረደ በራሷ ጉበት ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች።

"ካልወረደስ?"

"ካልወረደ ጉበት መቀየር ነው። እሱን ደግሞ ከየት እናመጣለን?"

ከመቶው ስንቱ ይሻለዋል ብዬ ጠየቅኩት።

"ግማሽ ያህሉ። ግን ሲስተር፣ ይኼ የብዙ ልጆች ቁጥር ነው። የውዳሴ አይደለም።"

ኦፕሬሽኑ በሃያ አምስት ቀን ቢቀድም ኖሮስ አልኩት። ለምን ሃያ አምስት አለኝ።

እንዲሁ አልኩት።

ኅዳር 13

አደይን የሰገራውን መልክ ጠየቅኋት። ነጭ ነው አለች።

ኅዳር 15

ነጭ።

ኅዳር 17

"እንደ ሽሮ ዱቄት" አለችኝ። የየትኛው ሽሮ፣ የነጩ ወይስ የቀዩ? ሳቀች። ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ብርሃን ላይ አውጥታ ደግማ እንድታየው አደረግኋት። እንደ ነጩ ሽሮ፣ ትንሽ ጠቆር ይላል አለች።

ሥራ ቦታ ስስቅ አቶ ክንፈሚካኤል ምን ተገኘ አለኝ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነው። ያኔ ነገርኩት፤ ስለ መስከረም 30፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ካርዱ። በሩን ዘጋው። ሃያ ሁለት ሕፃን በአንድ ጠዋት የሚከትብ ሰው እያንዳንዱን ጨርቅ ሊፈታ አይችልም አለ። የጠየቀሽ ሰው የለም፣ ለምን ራስሽን ታስጠይቂያለሽ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሊያድነኝ ፈልጎ ነው።

ልክ ነው እንዴ? እስከ ማታ ልክ ነው ስል ዋልኩ።

ኅዳር 28

ተመለሱ። ሆዷ ላይ ከጎን እስከ ጎን ጠባሳ አለ። ሰገራዋ ዛሬ አረንጓዴ ነው። በዓይኔ አየሁት። ዓይኗ ግን አሁንም ቢጫ ነው። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ። የምትወስደውን መድኃኒት ለአደይ በየጠርሙሱ ላይ ምልክት እያደረግኩ አሳየኋት፤ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሣልኩበት።

ታኅሣሥ 3

ስለ ሕመሙ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ስልኬ ላይ እያነበብኩ ነው። ኔትወርኩ ሲመጣ አወርዳለሁ፣ ሲጠፋ አነባለሁ። ዕድሜዋ ይጎዳታል። ሰገራዋ ቶሎ ቀለም ማውጣቱ ይጠቅማታል። ክብደቷ... መካከል ላይ ነው። ሁሉንም ደምሬ ቀንሼ፣ የዛሬ ግምቴ፣ ትድናለች።

ታኅሣሥ 4

አትድንም።

ታኅሣሥ 9

የአንድ ወር ደሟ። ሰባት ነጥብ አንድ። ለዶክተር ገነነ ነገርኩት። ገና ነው አለ፤ መንገዱን እንጂ አንዱን ቀን አትይ አለኝ። ከየት ነበር የተነሳችው? ከአሥራ አንድ። ወርዷል እኮ። ግን በዚህ አያያዝ በሦስተኛው ወር ከሁለት በታች ይደርሳል? በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። አንዴ ይደርሳል፣ አንዴ አይደርስም፤ እንዳሰማመሬ ነው።

ደምበጫ አልሄድኩም። እናቴ ተቀይማለች።

ታኅሣሥ 24

ጠዋት አደይ ደወለች። ትኩሳት ይዟታል፣ ሰገራዋም ተመልሶ ነጥቷል።

ባጃጅ ይዤ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀበልኳቸው። ቡሬ ስንደርስ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገድ ተዘግቷል ተባለ። መኪና የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መናኸሪያው ግድግዳ ሥር ተቀመጥን። ውዳሴ ጡት አልቀበል አለች። አደይ አታለቅስም፤ ጡቷን ደጋግማ አፏ ውስጥ ታደርጋለች። ምናለ መንገዱ ላይ ቆሞ ከሩቅ አቧራ በታየ ቁጥር እጁን ያነሳል። መጨረሻ ላይ ወላድ አድርሶ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ፣ ማለፍ የተፈቀደለት አምቡላንስ ጫነን።

እዚያ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ብትሞት ሳልናገር ትሞታለች።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሆስፒታል ነን። ትኩሳቱ ትናንት ለቀቃት። መርፌው ግን አሥር ቀን መሙላት አለበት። እኔ ሥራ ገብቼ እመለሳለሁ፤ በሁለት ከተማ መካከል እየኖርኩ ነው። ሰገራዋ ዛሬ ቢጫ ነካ አድርጎታል።

ጥር 1

ነገርኳት።

ምናለ ምግብ ሊያመጣ ወጥቷል። አደይ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ጨርቅ ታጥባለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"አደይ፣ መስከረም 30 ነግረሽኝ ነበር። ቢጫ ሆነች፣ ሰገራዋም ነጣ ብለሽኝ ነበር። ፈትቼ አላየሁም። ያኔ አይቼ ቢሆን ኦፕሬሽኑ በሃያ አምስት ቀን ይቀድም ነበር።"

ጨርቅ እየጨመቀች ነበር። መጭመቋን አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ታውቂያለሽ?"

"የነገርሁዎት እኔ አይደለሁ? እንዴት ይረሳኛል።"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"ብጣላዎት ማን ይደውልልኛል? ከሐኪም ጋር ማን ይነጋገርልኛል? የክርስትና እናት ይሁኑልኝ ያልሁትም እንዳይተዉን ብዬ ነው።"

ጨርቁን አጥሩ ላይ አሰጣችውና ወደ ልጇ ገባች። እኔ ቧንቧው ሲንጠባጠብ እያየሁ ቀረሁ።

ይቅርታ እንኳ አላልኳትም። ወይስ ብያታለሁ? አላስታውስም።

ጥር 4

ወጡ። ምናለ አመሰገነኝ። አልነገረችውም ማለት ነው። አደይ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደዚያ አዞረች።

ጥር 9

አልደወለችም። መድኃኒቱ እስከ መቼ እንደሚበቃ አውቃለሁ፤ አለ። ልደውል? ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ። ከእንግዲህ የምትፈልገኝ ለምንድን ነው... ለውዳሴ ከሆነም ይሁን። ብቻ ትደውል።

ጥር 11

ጥምቀት። ቡሬ ሕዝቡ ውስጥ አየኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ልጅቱን አዝላ ከታቦቱ ኋላ ትሄዳለች። የዓይኗን መልክ ለማየት ፈልጌ በሰው መካከል ተጋፋሁ። ከመድረሴ በፊት ጠፉብኝ።

ጥር 15

እናቴ ጋ ደምበጫ ሄጄ አደርኩ። ምን ሆነሻል አለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

ጥር 19

መጣች። ሳትደውል። የወላዶች ክፍል በር ላይ ሳያት የያዝኩት ካርድ ወደቀ።

ልጅቱን ሚዛኑ ላይ ራሷ አስቀመጠችና፣ "መዝኛት" አለችኝ።

ከዚህ በፊት አንቺ ብላኝ አታውቅም። ንቀት ይሁን መቅረብ ይሁን አልለየሁትም። አምስት ኪሎ ከአንድ መቶ። ዓይኗ... ጠርቷል ልበል? ጥግ ጥጉ ላይ ቅሪት አለ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ አሁን በእርግጠኝነት ብያለሁ።

"አልወጣልኝም" አለች። "ሲወጣልኝ እነግርሻለሁ። እስከዚያው በየሳምንቱ እየመጣሁ ትመዝኛታለሽ።"

እሺ አልኩ። ከሄደች በኋላ መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 22

የሆነውን በወሩ ሪፖርት ላይ ጻፍኩት። ቀኑን፣ ያለችኝን፣ ያላየሁትን። አቶ ክንፈሚካኤል አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። አልፈረመም።

ጥር 26

ፈረመ። በጠዋቱ ስብሰባም ከዛሬ ጀምሮ ለክትባት የሚመጣ ሕፃን ሁሉ ጨርቁ ይፈታ፣ ሰልፉ ቢረዝምም ይርዘም አለ። ወደኔ አላየም።

የካቲት 6

አራት ቀን ቀረ። ማንበቡን ትቻለሁ። እርሳሱንም። ዛሬ ከግምት በስተቀር ሁሉንም ነገር ስሠራ ዋልኩ፤ መጋዘኑን አጸዳሁ፣ የተቀደደ መጋረጃ ሰፋሁ፣ ደግሜ ፈትቼ ሰፋሁት።

የካቲት 10

ፍኖተ ሰላም። ደም ሲቀዳ ምናለ ወጣ፤ አደይ እግሯን ያዘች፣ እኔ እጇን። ውጤቱ ነገ ነው። ነገ ማለት ስንት ሰዓት ነው?

የካቲት 11

አንድ ነጥብ ስድስት።

ላብራቶሪው መስኮት ላይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሟን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ፣ የሌላ ሰው እንዳይሆን። አደይ ማንበብ አትችልም፤ ፊቴን ነው የምታነበው።

"ከሁለት ያንሳል?"

"ያንሳል።"

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ምናለ ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደገፈ፤ ጀርባው ይርገበገባል። ልጅቱ እኔ ላይ ነበረች፣ የጋዋኔን ቁልፍ ትጠባለች።

ለዶክተር ገነነ ደወልኩ። ጥሩ ምልክት ነው፣ ደስ ይበላችሁ አለ። ቀጥሎ ግን ጉበቷ እስካሁን የደረሰበት ጉዳት እንዳለ ነው፣ ትኩሳት በያዛት ቁጥር ልክ እንደ ታኅሣሡ መሮጥ አለባችሁ፣ የዓመታት ክትትል ነው አለ። ለአደይ ሁሉንም ነገርኳት። ጥሩውን ብቻ ነግሬ ልሸኛት ፈልጌ ነበር። አላደረግኩትም።

ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከዚያ፣ "አርብ የኛ አገር ክትባት ነው አይደል?" አለች። "ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ንገሪያቸው። ሕመሙን ብቻ አይደለም። ያንቺንም።"

የካቲት 14

እነአደይ አገር፣ ጤና ኬላው በር ላይ፣ ዋርካው ሥር። አሥራ ሰባት እናቶች፣ አሮጊቶችም ነበሩ። የሰገራውን መልክ ነገርኳቸው፤ ነጭ ከሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ቢጫነቱ ካለቀቀ፣ ፀሐይ አታሙቁት፣ ይዛችሁ ኑ አልኩ። ወደ አደይ አየሁ። ወደኔ አልተመለከተችም፤ ትጠብቃለች።

"ውዳሴ በአርባ አምስት ቀኗ መጥታልኝ ነበር" አልኩ። "እናቷ ነገረችኝ። እኔ አላየሁም። የዘገየችው በኔ ነው።"

ከኋላ አንዲት ሴት ተነስታ ልጇን አዘለች፤ ወደ ቤቷ ሄደች። ስሟን አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ፤ ብታባርረኝም።

አንዲት አሮጊት፣ "አሁንስ ልጅቱ ድናለች?" ብለው ጠየቁ።

"አላውቅም እማማ። እስከ ዛሬ ደህና ናት።"

ምናለ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር። እስከ ዛሬ አልሰማም ነበር ማለት ነው። መጥቶ ልጅቱን ከአደይ ጀርባ አወረደና እቅፏ ውስጥ አደረጋት፤ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

አደይ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። በሕመሙ ምክንያት የዘለለችው ሦስተኛው ክትባት ነው። ጨርቋን ፈታሁ፤ ከዚያ ወጋኋት።

ጮኸች። የጤነኛ ልጅ ጩኸት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር... ተውኩት። ጮኸች። እናቷ ተቀብላ አጠባቻት፣ ዝም አለች።